ቀላል የተባለው የአበባ ስፌት እምቢ አለኝ፤ ክንፎቹ ለምን ይጣመማሉ?

ጀማሪዋ_መርፌ
ሰላም ጠላፊዎች! ጥልፍ ከጀመርኩ ገና ሦስት ሳምንቴ ነው። የትራስ ልብስ ጠርዝ ላይ ትንንሽ አበቦች ልደርድር ብዬ ከሁሉም ይቀላል የተባለውን ስፌት መረጥኩ፤ ነጠላ ሰንሰለት፣ በእንግሊዝኛ ስሙ ሌዚ ዴዚ የሚሉትን። መርፌው ከአበባው መሃል ይወጣል፣ እዚያው ተመልሶ ይገባል፣ የቀረው ቀለበት ጫፉ ላይ በአንዲት ትንሽ ስፌት ይያዛል። አለቀ። አምስት ጊዜ ሲደገም አበባ ነው ተባልኩ።

የኔ ግን የተረገጠ ሸረሪት ነው የሚመስለው። አንዱ ክንፍ ያበጠ፣ ሌላው እንደ ሽቦ የቀጠነ፣ ሦስተኛው ወደ ጎን የተጋደመ። (ክንፍ የምለው የአበባውን ቅጠል ነው፤ ከአረንጓዴው ቅጠል ጋር ስለሚምታታብኝ።) መሃሉ ቀዳዳ አውጥቷል፣ ዙሪያው ተሸብሽቧል። ክሩ ስድስት ቀጫጭን ፈትል አንድ ላይ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ስድስቱንም ሳልለይ ነው የጠለፍኩበት። ጨርቁ ነጭ ጥጥ ነው። መወጠሪያ (ጨርቁን ወጥሮ የሚይዘው ክብ) የለኝም፣ በእጄ ይዤ ነው የምሠራው። ሦስት አበባ ጠልፌ ሦስቱንም ፈታኋቸው፤ አሁን ጨርቁ ወንፊት መስሏል።

ጥፋቱ የእጄ ነው ወይስ የክሩ?

ሰማያዊ_ክር
የሁለቱም፣ ሃሃ። አይዞሽ፣ ሁላችንም ያንን ሸረሪት ጠልፈናል።

ክር_ቆጣሪ
እጅሽ ምንም አልሆነም። የዘረዘርሻቸው ሦስት ክንፎች እያንዳንዳቸው ምን እንደተፈጠረ ይናገራሉ።

የቀጠነው ክንፍ ብዙ የተሳበ ነው። መርፌው በቀለበቱ ውስጥ፣ ጫፉ ጋ ሲወጣ ብዙ ሰው ክሩን እምቢ እስኪል ይስበዋል። እምቢ እስኪል ከጠበቅሽማ ቀለበቱ ተዘግቷል። በዝግታ ሳቢና ቀለበቱ የሚወጣውን ክር ልክ ሲነካው አቁሚ። ከዚያ ወዲያ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ትርፍ ነው።

የተጋደመው ክንፍ የሳብሽበትን አቅጣጫ ነው የሚያሳየው። ሰው ሲጠልፍ ክሩን ወደ ራሱ ይስባል፣ ወይም ወደ ላይ ወደ ፊቱ። ክንፉ ደግሞ በሳቡት በኩል ይሄዳል። ክሩን ከአበባው መሃል ወደ ውጭ፣ ክንፉ በሚያመለክትበት አቅጣጫ፣ ወደ ጨርቁ ዝቅ አድርገሽ ሳቢው። ይህ እንዲቀልሽ ለእያንዳንዱ ክንፍ ጨርቁን አዙሪው። እጅሽ ባለበት ይሁን፣ የሚዞረው ጨርቁ ነው። እኔ ይህችን አንዲት ነገር እስካውቅ ድረስ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአምስት ክንፍ ሁለቱ ብቻ ነበር የሚያምርልኝ፤ ለካ ሁለቱ ወደ እኔ የሚያዩት ነበሩ።

ያበጠው ክንፍ ወይ ሳትስቢው የተውሽው ነው፣ ወይ መውጫና መግቢያው በጣም የተራራቀ።

ለመሃሉ ቀዳዳ ደግሞ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ክንፍ መሃል ላይ አንዴ ይወጣል፣ አንዴ ይገባል። አምስት ክንፍ 10 ጊዜ ነው። በየጊዜው ስድስት ፈትል ያልፋል። 60 ፈትል በአንዲት ቀዳዳ! የትኛው ጥጥ ነው ያንን የሚችለው?

ጀማሪዋ_መርፌ
ስድሳ! በሳቅ ገደልከኝ። እና ምን ይሻላል?

ክር_ቆጣሪ
ሁለት ነገር። ፈትሉን ወደ ሦስት ወይም ወደ ሁለት ቀንሺ። ከዚያ መሃሉን ነጥብ ሳይሆን ክብ አድርጊው፤ ስፋቷ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር የሆነች ትንሽ ክብ ሳይና ክንፎቹ ከክቧ ጠርዝ ይነሡ። ባዶ የቀረውን መሃል በኋላ ክሩን መርፌው ላይ ጠምጥመሽ የምትሠሪው ቋጠሮ ይሞላዋል።

የሌሊት_ጠላፊ
ክር ቆጣሪ ሁሉንም ብሎታል፣ እኔ ግን "እዚያው ተመልሶ ይገባል" በሚለው አልስማማም። በወጣበት ቀዳዳ ስትመልሺው ክሩ የሚይዘው ነገር የለም፤ ትንሽ ጠንከር ካለብሽ ቀለበቱ እንዳለ ወደ ጀርባ ሾልኮ ይሄዳል። ደግሞ ሹል መርፌ የራሱን ክር መሃል ለመሃል ይሰነጥቀዋል። እኔ ከጎኑ፣ የጨርቁን አንድ ሁለት ክር አልፌ ነው የማስገባው።

ሰማያዊ_ክር
ከጎኑ ሲገባ ግን የክንፉ ሥር ይከፈታል። የውሃ ጠብታ መሆኑ ቀርቶ እንደ ቪ ይሆናል። ትንንሽ አበባ ላይ በጣም ነው የሚታየው።

የሌሊት_ጠላፊ
ሥሩን ቋጠሮው ይሸፍነው የለ እንዴ?

ሰማያዊ_ክር
ለአበባ ይሁንልህ። አረንጓዴ ቅጠል ስትሠራበትስ? እሱ ላይ ቋጠሮ የለም።

ክር_ቆጣሪ
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ የምታወሩት ግን ስለተለያየ ክር ነው። በሁለት ፈትል የሚጠለፍ ቀጭን ክንፍ በዚያው ቀዳዳ ቢመለስ ሥሩ ሹል ሆኖ ያምራል። በአራትና በስድስት ፈትል ከሆነ ከጎኑ ይግባ።

አያት_በመርፌ
የኔ ልጅ፣ በመጀመሪያ ስለ ወንፊቱ ልንገርሽ፤ ጨርቁን እንዳትጥዪው። የተፈታበትን ቦታ በውሃ ረጠብ አድርጊና በጥፍርሽ ቀስ እያልሽ ፋቂው፤ አንዴ በቁመቱ፣ አንዴ በወርዱ። የተገፋፉት የጨርቁ ክሮች ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ከዚያ ካውያ። ሌላ ጊዜ ስትፈቺ በሹሉ ጫፍ አትቆፍሪ፤ መርፌውን ገልብጠሽ በቀዳዳው በኩል ከክሩ ሥር አስገቢና አንሺው። የተፈታውን ክር ደግሞ መልሰሽ አትጥለፊበት፣ ጭራው ሁሉ ተነሥቷል።

ስለ ክሩ፦ ከክንድ በላይ አትቁረጪ። ከክርንሽ እስከ ጣትሽ ጫፍ ይበቃል፣ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ቶሎ ቶሎ መርፌ መሰካት ይሰለቻል ብለሽ ብታስረዝሚው በጨርቁ ውስጥ በተመላለሰ ቁጥር ይላላል፣ ወዙ ይሄዳል፣ ይቋጠራል። ሁሉም ክንፍ ከአንድ ጥቅል ወጥቶ የመጨረሻው የደበዘዘ የሚሆነው በዚህ ነው።

ስድስቱን ፈትል ስትለዪ ደግሞ ሦስቱን አንድ ላይ ለመጎተት እንዳትሞክሪ። ጫፉን በሁለት ጣት ያዢና አንዱን ብቻ ቀጥ አድርገሽ ወደ ላይ ሳቢ። የቀሩት ይኮማተራሉ፣ አትደንግጪ፣ አንዱ ሲወጣ ተመልሰው ይዘረጋሉ። እንዲህ አንድ በአንድ ሦስት አውጪና ጎን ለጎን አስተኝተሽ መልሰሽ አገናኚያቸው። አብረው የመጡ ፈትሎች እንደተገመዱ ናቸው። ተለያይተው የተገናኙት ተዘርግተው ይተኛሉ፣ ክንፉም ሞላ ይላል። ሦስቱን ስድስት ያስመስላቸዋል።

ጀማሪዋ_መርፌ
እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ፋቅ ፋቅ አድርጌው በእውነት ቀዳዳዎቹ ተዘጉ። ትንሽ ምልክት ቀርቷል፣ አበባው ይሸፍነዋል።

ሰማያዊ_ክር
እሳቸው ያሉትን በቁጥር ላስቀምጠው፦ ጥቅሉ አብዛኛውን ጊዜ 8 ሜትር ነው። በ45 ሴንቲ ሜትር ሲቆረጥ 17 ቁራጭ። በሦስት ፈትል ስትጠልፊ ደግሞ 34 ይሆናል። ስለዚህ ፈትል መቀነሱ ለአበባው ብቻ ሳይሆን ለክሩም በረከት ነው።

መቀሴን_ያያችሁ
በምን መርፌ ነው የምትጠልፊው? ማንም አልጠየቀሽም። የጥልፍ መርፌ ጫፉ ሹል፣ የክሩ ቀዳዳ ደግሞ ረዘም ያለ ነው። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር መርፌው ይቀጥናል፤ ብዙ ሰው በተቃራኒው ያስበዋል። ለሦስት ፈትል 7 ቁጥር ጥሩ ነው፣ ለአንድና ለሁለት 9፣ ለስድስት ወደ 3 ወይም 4 ውረጂ። መርፌው ከክሩ ከቀጠነ ክሩ በጨርቁ ሲያልፍ እየተፋቀ ነው፤ ከወፈረ ደግሞ ያው ወንፊት።

ጀማሪዋ_መርፌ
እእእ... የቁልፍ መስፊያ መርፌ ነው። ስድስቱን ፈትል ለማስገባት ሩብ ሰዓት ፈጅቶብኛል።

መቀሴን_ያያችሁ
በይ፣ ግማሹ ችግር ተገኘ።

ባለ_ክቡ
መወጠሪያ ሳይኖራት ስለ ክንፍ ማውራት ምን ዋጋ አለው? መጀመሪያ ጨርቁ ከበሮ ይሁን። በጣትሽ ስትመቺው ድም የማይል ጨርቅ ላይ የሳብሽው ክር ጨርቁን ይዞ ነው የሚመጣው፤ መሸብሸብ የሚባለው እሱ ነው። እኔ የውስጠኛውን ክብ በቀጭን የጥጥ ጨርቅ ጠምጥሜዋለሁ፣ ጨርቁ አይንሸራተትም። ማታ ማታ ደግሞ አውጥታችሁ አሳድሩት፤ ረስቼው አንድ ወር የተቀመጠ ሥራ አለኝ፣ ክቡ ዛሬም ከታጠበ በኋላ ይታያል።

የሌሊት_ጠላፊ
ወንድሜ፣ ያለ መወጠሪያም ይሠራል። በእጅ ስትይዢው መርፌውን በአንድ ትንፋሽ ታስገቢያለሽ፦ ሥሩ ጋ ገብቶ፣ ከጨርቁ ሥር ሄዶ፣ ጫፉ ጋ ብቅ ይላል። ገና ሳታወጪው ክሩን በመርፌው አፍንጫ ሥር ታዞሪያለሽ፣ ከዚያ ትስቢያለሽ። ቀለበቱ በመርፌው ላይ ስለሚሠራ ልኩ ይታወቃል፣ ፍጥነቱም እጥፍ ነው። በከበሮህ ላይ ግን ይህን ብትሞክር መርፌውን ለማጎንበስ ስትታገል ክቡ ይላላል። እዚያ ላይ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ላይ፣ በሁለት እጅ።

ባለ_ክቡ
ለለመደ እጅ እውነትህን ነው። ለሦስት ሳምንት ጀማሪ ግን ክብ ስጧት።

ክር_ቆጣሪ
በዚህ ከባለ ክቡ ጋር ነኝ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ክንፉን ጫፉ ላይ የምትይዘው ስፌት አጭር ትሁን። ክሩን ተሻግራ ወዲያው ትግባ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ይበቃታል። ከረዘመች ጭራ ትሆናለች። ሆን ብላችሁ ለቡቃያ ስትፈልጓት ታምራለች፣ ሳታስቡት ከመጣች ግን ክንፉ ችንካር የተመታበት ይመስላል።

አዲስ_ገባሁ
እኔም ልጠይቅ? አምስቱን ክንፍ እኩል የምታካፍሉት እንዴት ነው? አራቱን አሳምሬ ሠርቼ አምስተኛው ሁሌም ቦታ ያጣል።

ሰማያዊ_ክር
የሰዓት ደቂቃ። 60 ደቂቃ ለአምስት ሲካፈል 12 ነው። አናቱ ላይ አንድ ነጥብ፣ ከዚያ 12፣ 24፣ 36፣ 48 ላይ። ለስድስት ክንፍ በየ10 ደቂቃው። ስምንት ከሆነ መጀመሪያ መስቀል ሥሪ፣ ከዚያ በየመሃሉ። ነጥቡን የምታደርጊው ክንፉ በሚያልቅበት ጫፍ ነው፤ ያኔ እኩል ክፍፍሉም እኩል ርዝመቱም አብሮ ይመጣል።

አያት_በመርፌ
እኔ በዓይኔ ነው። ሜዳ ላይ ያለ አበባ ማን ለክቶ ሠራው?

ሰማያዊ_ክር
የእርስዎ ዓይን ማስመሪያ ነው፣ እማማ። እኛ ገና ነን።

ደስ_ያለው_ሰው
ነጥቡንም ሥዕሉንም በሚጠፋ እስክሪብቶ ሳሉት፣ ስትጨርሱ ካውያ ስታደርጉበት ብን ብሎ ይጠፋል። ቀላል ነው።

መቀሴን_ያያችሁ
ኧረ ቆይ! የትኛው እስክሪብቶ? ዓይነቱ አንድ ብቻ አይደለም። በውሃ የሚጠፋው ሰማያዊ ቀለም ካውያ ከነካው ላይለቅ ይችላል፤ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ቀለሙ መጥፋቱ ታይቶ ነው ካውያ የሚቀርበው። በሙቀት የሚጠፋው ሌላ ነው፤ እሱ ወደ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ይጠፋል። "ይጠፋል" ስል ደግሞ ዓይንሽ አያየውም ማለቴ ነው እንጂ ጨርቁ ላይ አለ። በረዶ ለሚጥልባት ጓደኛዬ የጠለፍኩትን መሐረብ ላክሁላት። መኪና ውስጥ አድሮ ጠዋት ስታወጣው መስመሮቼ በሙሉ ተመልሰዋል፤ የሰረዝኩት የተሳሳተ ክንፍ ሳይቀር! ብርዱ ከዜሮ በታች 10 እና ከዚያ በላይ ሲወርድ ቀለሙ ይመለሳል። እንደገና ካውያ አድርጊበት አልኳት፣ ግን አፈርኩ።

ደስ_ያለው_ሰው
አላወቅሁም ነበር። ያሉኝ አራት ሥራዎች ሰማያዊ ናቸው... ካውያውን አስቀመጥኩት።

ባለ_ክቡ
ለጥቁርና ለጠቆረ ጨርቅ ነጭ የጠመኔ እርሳስ። አይለቅም ብሎ መፍራት የለም፣ እንዲያውም ሳትጨርሱ ነው የሚለቀው።

አዲስ_ገባሁ
ቲሸርት ላይስ ይሆናል? የሚለጠጥ ነው።

ክር_ቆጣሪ
ይሆናል፣ ግን ከጀርባው የማይለጠጥ ስስ ጨርቅ ይደረብለት፤ በካውያ የሚለጠፉ አሉ። መወጠሪያ ላይ ስታደርጊው ደግሞ አትለጥጪው፤ ተለጥጦ የተጠለፈ ቲሸርት ከክቡ ሲወጣ አበባውን ጨምድዶት ነው። ክንፉን ከአንድ ሴንቲ ሜትር አታሳልፊ። ይህ ስፌት ቀለበት ነው፣ የተያዘው በሁለት ጫፉ ብቻ ነው፤ ከረዘመ የጣት ቀለበትም፣ ዚፕም፣ የድመት ጥፍርም ይነጥቀዋል። ትልቅ አበባ ካስፈለገ በክንፉ ውስጥ ሌላ ትንሽ ክንፍ ጥለፊ፣ ወይም መሃሉን በአንድ ቀጥ ያለ ስፌት ሙዪው፤ በሌላ ቀለም ሲሆን ደግሞ ሌላ አበባ ነው።

የሌሊት_ጠላፊ
ጀማሪዋም ትስማ፤ የትራስ ልብስ ነው ያለችው። አበባው ጠርዙ ላይ ይቅር፣ ጉንጭ የሚያርፍበት ላይ አይደለም። በቋጠሮ ላይ የተኛ ሰው ጠዋት ፊቱ ላይ የአበባው መሃል ታትሞ ይነሣል። ከቤተሰብ የተማርኩት ነው፣ በስድብ።

ታሪክ_ወዳድ
ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ይህ ስፌት ከሰንሰለት ስፌት አንዷ ቀለበት ተነጥላ ብቻዋን የቆመች ናት፤ ሰንሰለቱ ራሱ ደግሞ በጣም የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ቻይና ውስጥ፣ ሁቤይ ግዛት ማሻን በሚባል ቦታ አንድ የሴት መቃብር ተቆፍሮ ነበር። ከ2,200 ዓመት በላይ የቆዩ የሐር ልብሶች ተገኙ፤ ወፎቹም ዘንዶዎቹም በሰንሰለት ስፌት የተጠለፉ። ፎቶውን ሳየው ቀለበቶቹ እንደ ሩዝ ፍሬ ተከታትለው ተደርድረዋል፣ አንዱም አልተጋደመም።

ሰማያዊ_ክር
አንዱም አልተጋደመም? ጨርቁን ያዞሩ ነበር ማለት ነው።

ጀማሪዋ_መርፌ
ተመልሻለሁ! መርፌ ቀየርኩ፣ መወጠሪያ ተዋስኩ፣ ሦስት ፈትል አንድ በአንድ ለየሁ። ትንሿን ክብ በእርሳስ ቂጥ አትሜ ሳልኳት፣ ትንሽ ሰፋች ግን ሠራች። የመጀመሪያው ክንፍ ላይ ክሩን ወደ ውጭ ዝቅ አድርጌ ስስበው ቀለበቱ መጀመሪያ እንደ ጆሮ ተነሣ፣ ከዚያ እየጠበበ መጥቶ ጨርቁ ላይ ተኛ፣ ጫፉ ጋ ያለውን ክር ነካ፣ እኔም ቀጥ አልኩ። ትንፋሼን ይዤ ነበር። ሁለት ሥሩ ተገናኝቶ፣ ሆዱ ትንሽ ሰፍቶ፣ ጫፉ ክብ። ክንፍ ነው! አምስቱም ክንፍ ናቸው!

ሁለት ነገር ቀረኝ። መሃሉ ላይ የሠራሁት ቋጠሮ ወደ ጀርባ ሾልኮ ይገባብኛል። ሁለተኛ፣ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ስሄድ አረንጓዴው ክር በነጩ ጨርቅ ላይ ጥላ ሆኖ ይታያል።

ክር_ቆጣሪ
ቋጠሮው የሚሾልከው በወጣበት ቀዳዳ ስለምትመልሺው ነው። መርፌው ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥሚ፣ ከመውጫው ትንሽ አጠገብ አስገቢው፣ መርፌው እስኪያልፍ ድረስ ደግሞ በሌላኛው እጅሽ ክሩን ወጥረሽ ያዢ። ጥምጥሙ ጨርቁ ላይ ቁጭ ማለት አለበት። ተለቅ ያለ ቋጠሮ ከፈለግሽ ፈትል ጨምሪ እንጂ ጥምጥም አታብዢ፤ አራት አምስት ጥምጥም ጎኑ ላይ ይወድቃል።

አያት_በመርፌ
በነጭ ጨርቅ ላይ ጠቆር ያለ ክር ይዘሽ አትዝለዪ። ከአንድ ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ቁረጪና አዲስ ጀምሪ። ወይም በጀርባው በኩል በተጠለፈው ሥር እያሾለክሽ ውሰጂው። ጀርባው ላይ ቋጠሮም አትቋጥሪ፣ ካውያ ሲነካው ወደ ፊት ያብጣል። ጫፉን አራት ስፌት ሥር አሾልከሽ ቁረጪው።

የሌሊት_ጠላፊ
በሁለት ፈትል ለሚጠልፍ ሰው ቋጠሮም ጭራም የሌለበት አጀማመር አለ። አንድ ፈትል በእጥፍ ርዝመት ቁረጡ፣ እጠፉት፣ ሁለቱን ጫፎች መርፌው ውስጥ አስገቡ፤ ጀርባ ላይ የምትቀረው እጥፋት ቀለበት ናት። መሃሉ ላይ፣ ቋጠሮው በኋላ በሚሸፍነው ቦታ አንዲት ነጥብ ታህል ስፌት ሥሩና በጀርባ በኩል መርፌውን በዚያች እጥፋት ውስጥ አሳልፉት። ያዘ። ለሦስት ፈትል ግን አይሠራም፣ እጥፋት ሁሌም ጥንድ ነው።

መቀሴን_ያያችሁ
ሳልረሳው፦ ቀይ ክር ካለሽ ከመጀመርሽ በፊት ቁራጩን አርጥበሽ ነጭ ጨርቅ ላይ ጫኚው። ቀለም ከለቀቀ ሌላ ክር። ተጠልፎ ካለቀ በኋላ የለቀቀ ከሆነ ደግሞ ሳይደርቅ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ውሃው እስኪጠራ ማለቅለቅ ነው፤ ሐምራዊ ነገር እያየሽ ካውያ እንዳታነሺ።

ባለ_ክቡ
ካውያውንም በፊቱ በኩል አይደለም። ወፍራም ፎጣ አንጥፊ፣ አበባውን ወደ ፎጣው ገልብጪ፣ በጀርባው ተኩሺ። አለዚያ ያን ሁሉ የደከምሽበትን ክንፍ ወረቀት ታደርጊዋለሽ።

ጀማሪዋ_መርፌ
ከሳምንት በኋላ፦ አለቀ! ጠርዙ ላይ 11 አበባ፣ በየመሃሉ ሁለት ሁለት አረንጓዴ ቅጠል፣ እሱም በዚያው ስፌት። ከግራ ወደ ቀኝ ስታዩት እጄ ሲለምድ ይታያል፤ የመጀመሪያዋ አበባ ትንሽ አፏን አጣማለች፣ አልፈታኋትም። ፎቶው ይኸው።

ሰማያዊ_ክር
ሰባተኛዋ! ሰባተኛዋን አየኋት፣ እንዴት ታምራለች።

አያት_በመርፌ
እጅሽ ይባረክ የኔ ልጅ። በይ አሁን ገልብጪና ጀርባውን አሳዪኝ።

ጀማሪዋ_መርፌ
ጀርባውንስ ይተዉኝ እማማ!